ቀይ ቀበሮን ከስም ዝርዝር እናውጣው

ይድረስ፦ በጁባ ልጆች ለምታሳድጉና ለምታስተምሩ ኢትዮጵያውያን፣ ለማኅበረሰባችን አስተባባሪዎች
ግልባጭ፦ በጁባ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ፤ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ ለልጆቻችን ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ዱር ኑሮ ትምህርት እንዲሰጥ ስለመጠየቅ



ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ የአንድ ቤት ስላልሆነ ነው። ጁባ ያለን ኢትዮጵያውያን አብዛኞቻችን የመጣነው ለእንጀራ ነው። ሆቴል የያዘ አለ፣ ኮኞኮኞ ገበያ ሱቅ የከፈተ አለ፣ የውሃ ቦቴ የሚነዳ አለ። ልጆቻችን ግን እንጀራ ፍለጋ አልመጡም። እዚሁ ተወልደው ወይም በእቅፍ መጥተው፣ ቀን በእንግሊዝኛ ተምረው፣ ከሰዓት ከጎረቤት ልጆች ጋር በጁባ ዓረብኛ ሲሯሯጡ ውለው፣ ማታ እቤት አማርኛ ይሰማሉ። አገራቸውን እንዳይረሱ ብለን ቅዳሜና እሑድ ሰብሰብ እናደርጋቸዋለን። ፊደል እናስቆጥራለን፣ ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ እንነግራቸዋለን፣ በመጨረሻም አንድ ዝርዝር እናስጠናቸዋለን፦ ዋልያ፣ ጭላዳ፣ የደጋ አጋዘን፣ ቀይ ቀበሮ። አራቱን ሳይደናቀፍ ለጠራ ልጅ ይጨበጨብለታል።

ከጭብጨባው በኋላ ያንኑ ልጅ፣ ቀይ ቀበሮ ምን በልቶ እንደሚያድር ጠይቁት። “በግ” ይላችኋል። አባቱ ቢጠየቅም መልሱ እምብዛም አይለይም።

የምለምናችሁ ይህን እንስሳ ከዝርዝሩ አውጥተን ከነኑሮው እንድናስተምረው ነው፤ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ምን እንደሚገድለው። “ብርቅዬ ነው፣ የእኛ ብቻ ነው” የሚለው ኩራት ለበዓል ንግግር ይበቃ ይሆናል እንጂ ልጅን ጥያቄ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም።

ልጆቹ ስለ ተኩላም ሆነ ስለ ቀበሮ የሚሰሙት ክፉ ክፉውን ነው። ከትምህርት ቤት ይዘውት በሚመጡት የእንግሊዝኛ ተረት መጽሐፍ ውስጥ ተኩላው አያቲቱን ውጦ በአልጋዋ ላይ ይጋደማል። እቤት ደግሞ አስመሳይ ሰው ስሙ ሲነሳ “የቀበሮ ባሕታዊ” ስንል ይሰሙናል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የበግ ለምድ የለበሰው ተኩላ ይጠብቃቸዋል። አነጋገሮቹ ይኑሩ፤ ግሩም አነጋገሮች ናቸው። ነገር ግን የተነገሩት ስለ ሰው ጠባይ ነው፤ ልጅ ይህን ለይቶ እንዲያውቅ አውሬውን ራሱን ደግሞ ሊተዋወቀው ይገባል።

ቀይ ቀበሮ፣ በእንግሊዝኛ መጽሐፎቻቸው “የኢትዮጵያ ተኩላ” ተብሎ የሚያገኙት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የለም። ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ የወጣለት በሰሜን ተራሮች ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ተሻግሮ፣ ጅብራ በቆመበት፣ ሌሊት ሣሩ ውርጭ በሚለብስበት ሜዳ ይኖራል። ጁባ 550 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ የካቲት ላይ 40 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ለምትቀቀል ልጅ ባሌ ያለውን የሳነቴን አምባ ፎቶግራፍ ማሳየት ብቻውን የግማሽ ሰዓት ትምህርት ነው።

በግ አሳዳጅ ነው መባሉ አብዛኛውን ጊዜ ሐሜት ነው። አልፎ አልፎ ግልገል ይነጥቅ ይሆናል፤ ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። በደጋው በጎችን በማጥቃት በብዛት የሚታወቀው ሌላው፣ ተራው ቀበሮ ሆኖ ሳለ በስም መመሳሰል ቀዩም አብሮ ይወቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ ይህ ተራ የምንለው የአፍሪካ እንስሳ ከእስያው ቀበሮ የተለየ ዝርያ መሆኑንና ለተኩላ ይበልጥ የቀረበ መሆኑን አሳይቷል። በዝምድናው ሁለቱም ከተረት መጽሐፉ ተኩላ ብዙ አይርቁም።

አደኑን ለልጆች እንዲህ ብንነግራቸው ደስ ይለኛል። ባሌ ውስጥ እስከ አንድ ኪሎ ግድም የሚመዝን ግዙፍ ፍልፈል አለ፤ ከባሌ ሌላ የትም አይገኝም። ከጉድጓዱ ግማሽ ሰውነቱን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር ይጨረግድና ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። ሣሩ ሲያልቅ ወደ ሌላ ቦታ ይቆፍራል፤ አፈሩን ያለ ማረሻ ሲገለብጥ ይኖራል ማለት ነው። ቀበሮው ይህን ሲያይ ሆዱን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋል። ጥቂት ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ያቀናል፣ ደግሞ ጥቂት ይራመዳል። አንዳንዴ አንድን ፍልፈል ለመያዝ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ባዶ አፉን የሚመለስበትም ጊዜ ብዙ ነው። ቀን እንዲህ ለየብቻቸው ሲያድኑ ይውሉና ጠዋትና ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የግዛቱን ወሰን ይዞራል። ከቤተሰቡ የምትወልደው ብዙውን ጊዜ ዋናዋ እናት ብቻ ናት፣ እሷም በዓመት አንዴ። ሌሎቹ ግልገሎቿን ይጠብቃሉ፤ የዋጡትንም እያስመለሱ ያበሏቸዋል። ጉርሻ በሚያውቅ ቤት ላደገ ልጅ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ከሁሉ ደግሞ የመንዝ ጓሳው ነገር አለ። ጓሳ ላይ ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ ሣር ሲግጡ ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ይንጎራደዳል። እነሱም አይሸሹም። ልጆች የያዙ እናት ጭላዳዎች አጠገብ ሲያልፍ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ አይሮጥም፣ ዞር ብሎም አያያቸውም። ትርፉ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጓሳ ጥናት ሲቆጥር፣ ቀበሮው ብቻውን ሲሆን አይጥ ለመያዝ ካደረጋቸው 100 ሙከራዎች 25 ያህሉ ይሳኩለታል፤ በጭላዳዎቹ መካከል ሲሆን ግን 67። ጭላዳዎቹ በግጦሻቸው አይጦቹን ሳይቀሰቅሱለት አይቀሩም፤ ወይም የመንጋው ግርግር እሱን ይሸፍነዋል። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ የጭላዳ ልጅ ሲነጥቅ ታይቷል፤ ጭላዳዎቹ ወዲያው ተሰብስበው አባረሩት፣ ልጁንም አስጣሉት፣ ከዚያ ወዲያ እንዲጠጋቸው አልፈቀዱለትም። ስለ ጉርብትናና ስለ እምነት ልጅን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ እውነተኛ ታሪክ ያለው ካለ ያምጣ።

ሌላም ልጨምር፣ ስለ አበባ። ባሌ ተራሮች ላይ ረጅም አገዳ ያላት፣ ጫፏ ላይ ቀይና ቢጫ አበባ የምትደረድር ተክል አለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ቀይ ቀበሮዎች ከዚህች አበባ ወለላ ይልሳሉ፤ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ የጎበኘ ቀበሮ ተመዝግቧል። አፍንጫቸው በአበባው ብናኝ ቢጫ ይሆንና ወደ ቀጣዩ አበባ ይሻገራሉ። ምናልባት እንደ ንብ አበባን ያዳቅሉ ይሆናል ተብሏል፤ ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ እንዲህ ሲያደርግ ከዚያ በፊት አልተመዘገበም። እኔን የሳበኝ ግን ከጥናቱ ጀርባ ያለው ነው። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራምን የመሠረተው ክላውዲዮ ሲሌሮ እንደተናገረው፣ አበባዋ ጣፋጭ መሆኗን መጀመሪያ ያወቀው የባሌ እረኞች ልጆች ሲልሷት አይቶ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ቀበሮ ያጠና ሰው ከእረኛ ልጅ ተማረ። ለልጆቻችን ይህን ሳትነግሩ እንዳታልፉ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ልጆቹ የአሜሪካውን የሎውስቶን ታሪክ በቪዲዮ አይተውት ሊሆን ይችላል። እዚያ የመጨረሻዎቹ ተኩላዎች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ተገደሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላዎች ተመለሱ። ተኩላዎቹ አጋዘኑን ቀነሱ፣ ዛፉ አገገመ፣ ወንዙ ሳይቀር መስመሩን ለወጠ ይባላል። የአጋዘኑ መቀነስ እውነት ነው፣ ቢሆንም በድብና በአዳኝ ሰው ጭምር የመጣ ነው። የቀረው ግን ሳይንቲስቶች ገና የሚከራከሩበት ነው። በቀይ ቀበሮ ላይ ያንን ታሪክ አንገልብጠው። ቀበሮው ባይኖር ነገ ደጋው በአይጥ ይጥለቀለቃል ብለን ልጅ አናስፈራራ፤ ባሌ ላይ አይጡን ንስሩም ጭልፊቱም ይበላዋል። ቀበሮው የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። ሣሩ በከብት ሲያልቅ፣ ማረሻ ሽቅብ ሲወጣ፣ አይጡ ሲጠፋ፣ አይጡን የሚበላው የላይኛው አዳኝ ቀድሞ ይጎዳል። ቀበሮ ያለበት ደጋ ሣሩም ውሃውም ገና አለ ማለት ነው። ከባሌ የሚወርደው ውሃ ዋቤ ሸበሌንና ገናሌን ይመግባል።

የመንዝ አባቶች የሣሩን ዋጋ ያወቁት ያለ ቪዲዮ ነው። አቅኚዎቹ አስቦና ጌራ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጸኑት ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ለአጨዳ ይከፍተው ነበር። ከሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ገሳ ይሠራል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ናደው፤ ማኅበረሰቡ በኋላ እንደገና አደራጀው። ቀበሮው ዛሬ ጓሳ ላይ የሚንጎራደደው ሣሩ ስለተጠበቀ ነው።

ያልተጠበቀበት ቦታም አለና እሱም ይነገር። ከጎጃም የመጣችሁ አላችሁ፦ ጮቄ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፣ አሁን የለም። ጉና ላይም ጠፍቷል። በሙሉ ኢትዮጵያ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው ይባላል፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። 500 ማለት ጁባ ውስጥ አንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚሰለፉ ልጆች ያህል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን በር እንምጣ፤ የደብዳቤዬ ዋናው ጉዳይ እዚህ አለ።

ቀይ ቀበሮን በባሌ በብዛት የጨረሰው ጥይት አይደለም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር አንድ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ተመለሰ። በ2003ቱ በአንድ ሸለቆ ብቻ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞቱ። በሽታውን የሚያመጡት ከእረኞች ጋር ወደ ደጋው የሚወጡ ያልተከተቡ ውሾች ናቸው። መድኃኒቱም እዚያው ነው፦ በየዓመቱ በዙሪያው ባሉ መንደሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ይከተባሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮም ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ለቀበሮዎቹ ይጣልላቸዋል። ቀበሮው ሥጋውን ሲነክስ ይከተባል።

ይህ በሽታ ባሌ ላይ ብቻ ያለ አይደለም። የጁባ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በየቆሻሻው ክምር ዙሪያ የሚያያቸው ባለቤት አልባ ውሾች፣ የየግቢያችንም ዘበኛ ውሾች አሉ። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ተብሎ ይገመታል፣ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ፣ ያውም በውሻ ንክሻ። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱ 100 ሰዎች 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ከንክሻው በኋላ ወዲያው ከታከመ ግን ሰው ይድናል። ስለዚህ ስለ ቀበሮ የምናስተምርበት ቀን ልጁ ይህንንም ይዞ ይሂድ፦ ውሻ ቢነክሰው ወይም ቢቧጭረው ለእናቱ መደበቅ የለም፤ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ክትባት መጀመር። ይቆጡኛል ብሎ ንክሻ የሚደብቅ ልጅ በየሰፈሩ አለ፤ ቁጣችንን እኛም እንተው።

ውሻን የሚፈራና በድንጋይ የሚያሳድድ ልጅ ማሳደግ ከበሽታው አያድነውም። የሚያድነው ውሻው ሲከተብ ነው፤ ባሌ ላይ ቀበሮውን የሚያድነውም ይኸው ነው። አንድ ትምህርት ሁለት ቦታ ሲሠራ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው።

ልጆቻችን የሚኖሩባት ምድርም የራሷ ዱር አላት፤ የአገር ቤቱን ብቻ ብናስተምር እንበድላታለን። ከጁባ በስተሰሜን ምሥራቅ ባዲንጊሎ ፓርክ አለ፣ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ደግሞ ቦማ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከአውሮፕላን በተደረገ ቆጠራ በእነዚህና በአካባቢያቸው 6 ሚሊዮን ያህል የሚፈልሱ የሚዳቋና የቆርኬ ዘሮች እንዳሉ ታወቀ፤ 5 ሚሊዮን የሚሆነው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። በምድር ላይ ከሚታወቁት የየብስ አጥቢ እንስሳት ፍልሰቶች ትልቁ ይህ ነው ተብሏል። ከፊሉ ጠረፉን ተሻግሮ ጋምቤላ ይገባል፣ ፓስፖርት ሳይጠየቅ። እነዚህን እየተከተለ የሚያድነው ዥጉርጉሩ ተኩላ በሁለቱም አገሮች ይገኛል፤ በዓለም የቀሩት አዋቂዎቹ ወደ 6,600 ይጠጋሉ። ለሽያጭ የሚታደን የዱር ሥጋ ይህን ሀብት እየበላው ስለሆነ ልጆቻችን ከደቡብ ሱዳናውያን ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ላይ ቢማሩት ይሻላል። እንግዳ ነን ብለን ዳር መቆም አይገባንም።

ከዚህ ተነሥቼ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አስተባባሪዎቻችን አንድ ቅዳሜ ለዚህ ይስጡ፤ ደቡብ ሱዳናዊ የዱር እንስሳት ባለሙያ ጋብዘው ስለ ቆርኬው ያስነግሩ፣ የጎረቤት ልጆችም ይምጡ። ኤምባሲው አዳራሽ ቢፈቅድልን፣ ከሰፈር ሰፈር ከመዞር ያድነናል። ባለሥልጣኑ ደግሞ በአማርኛ የተዘጋጀ የቀይ ቀበሮ ሥዕላዊ ጽሑፍ ካለው በኤምባሲው በኩል ይላክልን፤ እኛ ማባዛቱን እንችላለን። ከባሌ፣ ከመንዝ፣ ከሰሜን፣ ከወሎ የመጣችሁ ወላጆች ደግሞ ያያችሁትን መጥታችሁ ተናገሩ። ቀበሮ በዓይኑ ያየ ሰው አንድ ደቂቃ ቢናገር ከእኔ ደብዳቤ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች በጥይት እግሩ ተሰብሮ፣ ታክሞ፣ ወደ ዱር የተመለሰውንና ተረፈ የተባለውን ቀበሮ ታሪክ የሚያውቅ ካለ እሱን ያስቀድም፤ ትንንሾቹ ከዚያ ወዲያ ዝም ብለው ይሰማሉ።

ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 ይውላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። ለመስቀል መሰብሰባችን ስለማይቀር ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ይሁን። ግቢያችሁ ውስጥ ውሻ ያላችሁ ሁሉ የእንስሳት ሐኪም ፈልጋችሁ ከዚያ ቀን በፊት አስከትቡት፤ የክትባቱንም ወረቀት ልጆቻችሁ ይዘው ይምጡ።


የሁለት ልጆች አባት፣ ጁባ